ባለ 10፣ ባለ 15 ወይስ ባለ 25? ለሩገር 10/22 ካዝና ስለመምረጥ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ያገለገለ ሩገር 10/22 የሚባል ነጥብ 22 ጠመንጃ ገዛሁ። አብሮት የመጣው ባለ 10 ካዝና (የጥይት መያዣ) ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥይት ላይ ይነክሳል፤ ጥይቱ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሌላ ልገዛ ብዬ ባየው ባለ 10፣ ባለ 15ና ባለ 25 አለ። ዋዮሚንግ ያለ ጓደኛዬ ባለ 25ቱን ላምጣልህ ይላል። ጠመንጃውን የምፈልገው ለዒላማና ለጥንቸል አደን ነው። የትኛውን ልያዝ?»

መልስ፦ ባለ 10ሩን ይያዙ፤ ግን አንድ ሳይሆን ሦስት ወይም አራት። ባለ 25ቱን ጓደኛዎ እዚያው ይተወው። ኮሎራዶ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 2013 (በፈረንጆች) ጀምሮ ከ15 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥም፣ ማስተላለፍም፣ መያዝም ክልክል ነው። የሚፈቀድለት ከዚያ ቀን በፊት የነበረውና ሳያቋርጥ በእጁ ያቆየው ሰው ብቻ ነው። «ጥይቱ ትንሽዬዋ ነጥብ 22 ናት» የሚለው መከራከሪያ አያድንም። ሕጉ በነጥብ 22 ላይ የተወው ከጠመንጃው ጋር የተያያዘውን የቱቦ ካዝና ነው፤ የሚነቀለውን አልተወም። ያገለገለ ጠመንጃ ሲገዙ ሻጩ ባለ 25 «ምርቃት» ብሎ ቢጨምርልዎትም ያው ነው፤ አይቀበሉ።

አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ግን ጥፋቱ የካዝናው መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ሰው ካዝና ቀይሮ ቀይሮ በመጨረሻ ቆሻሻው ቻምበሩ (ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበት የበርሜሉ ጀርባ) ውስጥ ሆኖ ያገኘዋል። ሌላ በደንብ የሚሠራ ባለ 10 ካዝና ይዋሱ። ሁለቱንም በቀለም 1 እና 2 ብለው ምልክት ያድርጉባቸው፤ ከአንድ ፓኮ ጥይት እያፈራረቁ እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ ሞልተው ይተኩሱ። በነከሰ ቁጥር የትኛው ካዝና፣ ስንተኛው ጥይት እንደሆነ ይጻፉ። ሁለቱም ከነከሱ ቻምበሩን ያጽዱ፣ ቀለሃ የሚጎትተውን ጥፍር ይዩ፣ ጥይቱን ይቀይሩ። ቁጥር 1 ብቻ ከነከሰ ችግሩ ካዝናው ነው።

ስንተኛው ጥይት ላይ እንደነከሰ መጻፍ ብዙ ይናገራል። የ10/22 ካዝና እንደ ክላሽ ካርታ ጥይት በጥይት ላይ የሚደረደርበት አይደለም። ውስጡ በሞላ (ስፕሪንግ) የሚዞር ጎማ መሰል ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ጥይት በራሱ ጎድጓዳ ይቀመጣል። ጠመንጃው በ1964 (በፈረንጆች) ሲወጣ ጀምሮ አሠራሩ ይኸው ነው፤ የተመረጠበትም ምክንያት አለው። የነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል (የዚህ ጠመንጃ ጥይት) ቀለሃ ከታች ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። ጥይቶች ሲደረደሩ የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው በስተኋላ ከዋለ ይጠላለፋሉ፤ የላይኛው ወደፊት ሊሄድ ሲል የታችኛው ይይዘዋል። ጎማው ግን ጥይቶቹን ለያይቶ ስለሚይዝ መጠላለፍ አይኖርም።

እንግዲህ ጥይት ሲሞሉ ሞላው ይጠመጠማል፤ ሲተኮስ ይፈታል። ስለዚህ መንከሱ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጥይቶች ላይ ከሆነ ሞላው ደክሟል፣ ወይም ቆሻሻ ጎማውን አክብዶታል፤ ጉልበቱ የሚያንሰው እዚያ ነውና። የመጀመሪያው ጥይት ላይ ከሆነ ከንፈሩን (ጥይቱ የሚወጣበትን የካዝናውን አፍ ጠርዝ) ይጠርጥሩ፤ ጥይቱንም አጣመው ሞልተውት ይሆናል። እንደ እርስዎ ሁልጊዜ ሦስተኛና አራተኛው ላይ ሲሆን ደግሞ ጎማው እዚያች ቦታ ሲደርስ የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው፦ የደረቀ ሰም፣ የእርሳስ ፍርፋሪ፣ ያልተቃጠለ ባሩድ። ብዙዎቹ የነጥብ 22 ጥይቶች በሰም መሰል ቅባት የተቀቡ ስለሆኑ ካዝና ቶሎ ይቆሽሻል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ካዝናውን ባዶ አድርገው ጎማውን በጣትዎ ያዙሩና ይልቀቁት። ጥርት ብሎ መመለስ አለበት። ተንቀራፎ ከተመለሰ ወይም መሀል ላይ ከቆመ ይጽዳ። ቀጭን ብሩሽ በከንፈሩና በጎማው መካከል ያስገቡ፣ እያዞሩ ይቦርሹ፣ አየር ይንፉበት፣ በደረቅ ጨርቅ ይጨርሱ። የሚነፋው አቧራ እርሳስ አለበትና ደጅ ይሁን፤ ከዚያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ዘይት አይጨምሩ! ካዝና ውስጥ የገባ ዘይት አቧራና ባሩድ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል፤ ጽዱ የነበረውን ካዝና በሁለት ቀን ተኩስ ያበላሸዋል። ሰውነቱ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ የመኪና ፍሬን ማጽጃና መሰል ኃይለኛ ኬሚካል ሊሰነጥቀው ስለሚችል ይራቁ።

መፍታት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ብሎኑ ሲላላ ሞላው በአንዴ ተተኩሶ ይፈታና ስንት ዙር እንደነበረ ሳያውቁ ይቀራሉ። ግዴታ ከሆነብዎት ዳዶውን በቁልፍ ይዘው ቀስ እያሉ ይልቀቁ፣ በየትኛው አቅጣጫ ስንት ዙር እንደተፈታ ይቁጠሩ፣ ሲገጥሙ በተቃራኒው ያንኑ ይመልሱ። ከልክ በታች ከጠመጠሙት የመጨረሻዎቹ ጥይቶች አይወጡም፤ ከልክ በላይ ከሆነ አሥረኛው አልገባ ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ከንፈሩ ያልተበላሸ ካዝና በብሩሽ ብቻ ይድናል፤ ከንፈሩ የታጠፈውን ግን መፍታትም አያድነውም፣ ይጣል።

አሁን ወደ ምርጫው። የፋብሪካው ባለ 10 ቢኤክስ-1 ይባላል፤ ባለ 15ቱ ቢኤክስ-15። ሁለቱም ጥይት የሚያሳልፈው ከንፈራቸው ብረት ነው፤ ዋናው ነገርም እሱ ነው። ሌሎች አምራቾች የሚያወጧቸው ከንፈራቸው ፕላስቲክ የሆነ አሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ መጀመሪያ ይሠራሉም፣ ግን የቀለሃው ጠርዝ እየፋቀ ያሰፋቸዋል። ከንፈር ከሰፋ የጥይቱ አፍንጫ ከፍ ብሎ የቻምበሩን አናት ይመታል።

ባለ 15ቱ መጥፎ አይደለም፣ በኮሎራዶም ልክ ገደቡ ላይ ነው። ነገር ግን ጥይቱ እንደ ሙዝ በተጠማዘዘ ቅርጽ ስለሚደረደር ያ የጠርዝ ጣጣ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲሞሉ የእያንዳንዱ ጠርዝ ከታችኛው ፊት መዋሉን ማየት አለብዎት። ደግሞም ወደታች ይረዝማል። ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ሲያነጣጥሩ ካዝናው እንጨቱን እየነካ ጠመንጃውን ያነሳብዎታል፣ ቁጥቋጦ ውስጥም ይጠላለፋል። ቢኤክስ-1 ከሰደፉ ሥር እኩል ይገባል፤ ጠመንጃውን በአንድ እጅ መሀሉ ላይ ይዘው ሲሄዱ መኖሩም አይታወቅዎትም። የነጥብ 22 ፓኮ ብዙ ጊዜ 50 ጥይት ነው፤ አምስት ቢኤክስ-1 አንድ ፓኮ ይጨርሳሉ፣ ቆጠራውም ቀላል ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይቀሩልዎታል፤ ባለ አንድ ትልቅ ካዝና ግን ያን ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሲገዙ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ቢኤክስ-1 የሚለው ለነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል ነው። ከዚያው ፋብሪካ ጄኤምኤክስ-1 የሚባል ተመሳሳይ መልክ ያለው አለ፤ እሱ ለነጥብ 22 ማግነም ስለሆነ ለእርስዎ ጠመንጃ አይሆንም። ያገለገለ ካዝና ከሆነ ከንፈሩን በብርሃን ይዩ፦ ሁለቱ ጎኖች እኩል ናቸው? የሚቧጥጥ ጠርዝ አለ? የፕላስቲኩ ማዕዘን ተሰንጥቋል? ጎማው በጣት ሲዞር ይመለሳል? ጠመንጃው ውስጥ ሲገባ ቀጭ ማለት አለበት፤ ከዚያ ወደታች ሳብ ሲያደርጉት አይንቀሳቀስም፣ መልቀቂያውን ሲጫኑ ደግሞ ሳይታገል ይወጣል።

አንድ የሚያታልል ነገር ልንገርዎ፤ ከፋብሪካው ካዝና ጋር የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ መዝጊያው ክፍት ሆኖ አይቆይም። ስለዚህ ባዶ መሆኑን በዓይን ብቻ አይፍረዱ። ካዝናውን ያውጡ፣ መዝጊያውን ስበው ቻምበሩን ይመልከቱ፣ በጣትም ይዳስሱ። ሲነክስም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ አፈሙዙ ወደ ዒላማው፣ ጣት ከቃታ ውጭ፣ መጀመሪያ ካዝናው ይውጣ፣ ከዚያ መዝጊያው። መዝጊያውን በመዳፍ እየመቱ ጥይት አያስገድዱ። ቃታ ስበው «ቀጭ» ብቻ ካለ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ድምፁ ከወትሮው የሰለለ ከሆነ ደግሞ ያቁሙ፤ እርሳሱ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና እስኪያዩ ድረስ ሌላ አይተኩሱ።

ጥይትን በተመለከተ ባለ 40 ግሬን (የእርሳሱ ክብደት መለኪያ)፣ ከፍተኛ ፍጥነት የሚባለውን ይጀምሩበት። ከድምፅ ፍጥነት በታች የሆነው አንዳንዴ መዝጊያውን ሙሉ በሙሉ አይገፋውም፤ ቀለሃው በመዝጊያው ተይዞ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያዩታል፣ ያ የካዝና ጥፋት አይደለም። ነጥብ 22 ሾርት ደግሞ ጭራሽ አይጠቀሙ።

ከአገር ቤት በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ የመጣ ዘመድ «እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክር» ካለዎት ሳያጣሩ አይስጡት። የፌዴራል ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ ይከለክላል፤ የአደን ፈቃድ ያለውን ጨምሮ ጥቂት ማለፊያዎች ብቻ አሉት። ግሪን ካርድ ያለው በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉም ጠመንጃውን ቆልፈው ያስቀምጡ፤ ኮሎራዶ ከ2021 ጀምሮ ይህን በሕግ ትጠይቃለች። ካዝናዎቹን ባዶ አድርገው በሌላ ቦታ ይቆልፏቸው።