ታናሽ ወንድሜ የአባታችንን ቤት ብቻውን ይዞታል፤ ሳልከሰው መብቴን ማስከበር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ታላቅና ታናሽ ወንድሞች አሉኝ፤ እኔ መካከለኛዋ ነኝ። እናታችን ቀድማ ዐርፋለች። አባታችን ደግሞ ኑዛዜ ሳይተው ከሞተ ዓመት አልፎታል። ታናሻችን ከአባታችን ጋር ይኖር ስለነበር እስከ መጨረሻው ያስታመመው እርሱ ነው። አሁን በዋናው ቤት እየኖረ የሰርቪስ ክፍሎቹን ኪራይ ለብቻው ይሰበስባል፤ ስንጠይቀው ‹አባቴን የጦርኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ የት ነበራችሁ?› ይለናል። ታላቃችን በበኩሉ ተናዶ ድርሻውን ለውጭ ሰው ሊሸጥ እየዛተ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አባታችን ለታናሻችን ያደላ ስለነበር ቅናቱ ከልጅነታችን ጀምሮ የነበረ ነው። ብከስ መብቴን አገኛለሁ፤ ወንድሜን ግን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ ብዙ የማያከራክረውን ላስቀምጥልዎ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች ቀዳሚ ወራሾች እንደሆኑና ውርሱንም እኩል እንደሚካፈሉ ይደነግጋል። አባታችሁ ኑዛዜ ካልተዉና ከእናንተ ሌላ ልጅ ወይም ከሞተ ልጅ የተወለደ የልጅ ልጅ ከሌለ፣ ለእያንዳንዳችሁ የሚደርሳችሁ አንድ ሦስተኛ ነው። እርስዎ ሴት መሆንዎ፣ ታናሽዎ ደግሞ ከአባቱ ጋር መኖሩ ይህን ስሌት አይለውጠውም። ቤቱ እስኪከፋፈል ድረስ የሦስታችሁም የጋራ ንብረት በመሆኑ፣ ከቀብሩ በኋላ የተሰበሰበው ኪራይም የጋራ ገንዘብ ነው።

ይሁን እንጂ የወንድምዎን ንግግር ባዶ ሰበብ አድርገው እንዳይወስዱት አሳስብዎታለሁ። ማስታመም ብቻውን የቤት ባለቤት አያደርግም፤ ነገር ግን ሕጉ ከውርሱ ላይ የቀብር ወጪና የሟች ዕዳ ከክፍፍሉ በፊት እንዲከፈሉ ስለሚያዝ፣ ወንድምዎ ከኪሱ ያወጣውና በማስረጃ የሚያረጋግጠው ወጪ ሊታሰብለት ይችላል። በደረሰኝ የማይረጋገጠው ድካሙ ግን፣ ሌሊት መነሣቱ፣ ሥራ ጥሎ ሐኪም ቤት መመላለሱ፣ በፍርድ ቤት ክርክር ውስጥ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል። ሕጉ እኩል ሲያካፍል ያንን ድካም አይቆጥርም፤ ወንድምዎ ቤቱን የሙጥኝ ያለውም ድካሙን የቆጠረለት ሰው ስለሌለ ይመስለኛል። እናንተም በበኩላችሁ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ስለማታውቁ ብዙ አድርጋችሁ ታስባላችሁ። እንደ እኔ አመለካከት፣ በመካከላችሁ ያለው ቅናት የሚመገበው ካልተከፈተ ሒሳብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ክስም ሆነ ልመና ሳይሆን፣ ሦስታችሁ አብራችሁ የምታዘጋጁት አንድ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን አንዳችሁ ጽፋችሁ ለሌሎቹ የምታቀርቡት ከሆነ ዋጋ የለውም፤ አንዱ ያዘጋጀው ዝርዝር በሌላው ዓይን ክስ ሆኖ ይታያልና። አንድ ደብተር ዘርግታችሁ፣ በመጀመሪያው ገጽ አባታችሁ በሞቱበት ቀን የነበረውን ሁሉ ጻፉ፦ ቤቱን ከነካርታው፣ የባንክ ሒሳቡን፣ የቤት ዕቃውን፣ ያበደሩትንና የተበደሩትን። በሁለተኛው ገጽ ከዚያ ቀን ወዲህ የገባውን ኪራይ በየክፍሉና በየወሩ አስፍሩ፤ ከዚያው ሥር ለግብር፣ ለውኃና ለመብራት፣ ለጣሪያ ጥገና የወጣውን። ሦስተኛው ገጽ የወንድምዎ ነው። ለመድኃኒትና ለሕክምና ያወጣውን፣ የቀብሩን ወጪ፣ ደረሰኝ ያለውንም የሌለውንም ራሱ ይጻፍ፤ እርስዎና ታላቅዎ ደግሞ በየጊዜው የላካችሁትን ገንዘብ ከጎኑ ጻፉ። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ መቀበል አለመቀበል የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በመጠኑ ቢቀበሉት እመርጣለሁ፤ እርሱ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከገንዘቡ ይልቅ እኅትና ወንድሙ በጽሑፍ «አዎ፣ ይህን አድርገሃል» እንዲሉት ነውና።

የልጅነቱን አድልዎ በተመለከተ፣ በዚህ ደብተር ውስጥ እንዳያስገቡት እመክራለሁ። ማን የተሻለ ትምህርት ቤት ገባ፣ ማን ተቆጣ፣ ማን ተመሰገነ የሚለው መጠን የማይወጣለት ነገር ስለሆነ አንዴ ወደ ሒሳቡ ከገባ የሚዘጋው የለም። ሊናገሩት ይገባል ብለው ካመኑ ለብቻው፣ ሌላ ቀን፣ ከወንድምዎ ጋር ብቻ ይነጋገሩበት። ያደሉት አባታችሁ እንጂ እርሱ እንዳልሆነም አስቀድመው ቢነግሩት ይረዳል።

ታላቅ ወንድምዎ የሚዝቱትን በተመለከተ፣ የጋራ ባለሀብት ድርሻውን መሸጥ ይችላል፤ ሌሎቹ ባለሀብቶች ግን ከውጭ ሰው ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው። ይህን መብት ለመጠቀም ሕጉ የሚፈቅደው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ሽያጭ መኖሩን እንደሰሙ ሳይውሉ ሳያድሩ ጠበቃ ያማክሩ። ለታላቅዎ ሲነግሯቸው ግን እንደ ማስፈራሪያ አያድርጉት። መሸጥ ከፈለጉ እናንተ ልትገዙ እንደምትችሉ በመንገር ይጀምሩ።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ክፍፍሉ በርካታ መልክ ሊይዝ ይችላል። ታናሽዎ ቤቱን ወስዶ የእናንተን ድርሻ በየጊዜው ሊከፍላችሁ፣ ቤቱን በጋራ አቆይታችሁ ኪራዩን ልትካፈሉ፣ ወይም ተስማምታችሁ በገበያ ዋጋ ልትሸጡት ትችላላችሁ። ለእናንተ ሁኔታ ተስማሚ የሚመስለኝ የመጀመሪያው ነው፤ ያለዚያ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ቤቱ በዓይነት ሊከፈል የማይችል ሆኖ ሲገኝ መጨረሻው ሐራጅ ሊሆን ይችላል፤ በሐራጅ ደግሞ የቤቱን ዋጋም ገዢውንም የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም።

ስምምነቱ በቃል እንዳይቀር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3307 ተከራካሪዎች እርስ በርስ አንዳንድ ነገር በመተው የተነሣን ክርክር የሚጨርሱበትን ወይም ሊነሣ የሚችለውን የሚያስቀሩበትን የዕርቅ ውል ያውቃል፤ በአንቀጽ 3312 መሠረትም እንዲህ ያለው ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይጸናል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ስለሚያዝ፣ ሦስታችሁም ውልና ማስረጃ ቀርባችሁ ፈርሙ። በውሉ ውስጥ «ታናሽ ወንድማችን አባታችንን በማስታመም ስላደረገው አስተዋጽኦ ይህን ያህል ብር ከክፍፍሉ በፊት እንዲታሰብለት ተስማምተናል» የሚል አንቀጽ ቢኖር መልካም ነው። መጠኑ ትንሽም ቢሆን እንዲጻፍ እሻለሁ።

በራሳችሁ መነጋገር ካቃታችሁ ሦስታችሁም የምታምኑትን አንድ አስታራቂ ምረጡ፤ ለዚህ ዓይነቱ ዕርቅ ሥርዓት የሚያበጅ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጥቷል። አስታራቂው ከሦስታችሁ ለአንዳችሁ ብቻ የሚቀርብ ሰው መሆን የለበትም።

በዚህ ሁሉ መካከል ጊዜውን አይርሱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 እውነተኛ ወራሽ ውርሱን በያዘው ሰው ላይ የሚያቀርበው ክስ፣ ወራሹ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ አባታችሁ ከሞቱ ደግሞ ዓመት አልፏል። የወዳጅነት ንግግር ይህን ጊዜ ያቆምልኛል ብለው አይተማመኑ። ስለዚህ ንግግሩ ሲጀመር ሦስታችሁም የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ። ይህ ማንንም መክሰስ ስላልሆነ ታናሽዎ እንዳይደነግጥ አስቀድመው ያስረዱት፤ ከተቻለም ማመልከቻውን አብራችሁ አቅርቡ።

ወንድምዎ ደብተሩን ለመክፈት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ማንኛውም ወራሽ ክፍፍል እንዲደረግ መጠየቅ ስለሚችል የክፍፍልና የኪራይ ሒሳብ ክስ ከማቅረብ ወደኋላ አይበሉ። ክስ መመሥረት የዕርቅን በር አይዘጋም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 274 ተከራካሪዎች በማንኛውም የክርክር ደረጃ ተስማምተው ጉዳዩን እንዲጨርሱ ይፈቅዳል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ጉዳዩ ወደ አስማሚነት ሊመራ ይችላል። የክስ ማመልከቻው ላይም «ወንድሜ ንብረት ዘረፈ» የሚል ቃል እንዳይገባ ለጠበቃዎ በግልጽ ይንገሩ፤ «የጋራ ውርሱ እንዲጣራና እንዲከፈል» ብሎ መጠየቅ ለመብትዎ በቂ ነው።