ሥራ ስትለምድ የምትሄድ ሠራተኛ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ትንሽ የምሳ ቤት ልንከፍት አስበናል። ትርፍ ፈልገን አይደለም። ከባል ዱላ ያመለጡ፣ ከቤይሩት ባዶ እጃቸውን የተመለሱ፣ ልጅ ታቅፈው ጎዳና የወጡ ሴቶችን ሙያ አስተምረን ሌላ ቦታ ልናስቀጥር ነው። ነጋዴ አጎቴን ባማክረው ሳቀብኝ። «ሠራተኛሽ ሥራ በለመደች ቁጥር እየሸኘሽ አዲስ ካስገባሽ ሦስት ወርም አትቆዪ» አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞስ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ምግብ መሸጥ ይፈቀድለታል?
ሐ.፣ ከገርጂ

መልስ፦ እህቴ፣ አጎትሽ ሒሳቡ አልጠፋቸውም። ሌላው ምግብ ቤት ጎበዝ ወጥ ሠሪ ሲያገኝ ደመወዝ ጨምሮም ቢሆን አጥብቆ ይይዛታል፤ አንቺ ደግሞ ተሳካልኝ የምትዪው እሷ ጥሩ ሆቴል ተቀጥራ የሄደች ቀን ነው። ስለዚህ ወጥ ቤትሽ ውስጥ ሁሌም ሥራ ያልለመደ ሰው አይጠፋም። ሽንኩርት ያርራል፣ ሒሳብ ይሳሳታል፣ ደንበኛ ይቆጣል። ይህን ሁሉ ከሽሮ ሽያጭ እሸፍናለሁ ካልሽ በእርግጥም ትዘጊያለሽ። ከሽያጩ ኪራዩን፣ ጤፉንና ዘይቱን አውጪ። የአሠልጣኟን፣ የልጆች ማቆያውንና የምክር አገልግሎቱን ወጪ ግን ገና በር ሳትከፍቺ ሌላ ምንጭ ፈልጊለት።

አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ውስጥ ቲስል ፋርምስ የሚባል ድርጅት አለ። ቤካ ስቲቨንስ የምትባል ካህን እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረችው ነው፤ ከወሲብ ንግድ፣ ከሱስና ከሰው ዝውውር የወጡ ሴቶችን ይቀበላል። ካፌ አለው፣ ሻማና የገላ ዘይትም ይሸጣል። ሴቶቹ ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኪራይ ሳይከፍሉ የሚኖሩበት ቤት ይሰጣቸዋል። ማታ የት እንደምታድር የማታውቅ ሴት የሽንኩርት አከታተፍ ብታስተምሪያት ምኑ ይገባታል? ዴንቨር ደግሞ ጆሲ አይር የምትባል ሴት ነበረች። መጠለያ ውስጥ በበጎ ፈቃደኝነት ስታገለግል፣ መጠለያው ሴቶቹን ከአደጋ ቢያስጥልም ኑሯቸውን እንደማይለውጠው አየች። እ.ኤ.አ. በ1989 ከኪሷ በ500 ዶላር ጥራጥሬ ገዝታ፣ ሴቶቹ የሾርባ ቅልቅል እያሸጉ እንዲሸጡ አደረገች። ዉመንስ ቢን ፕሮጀክት የሚባለው ድርጅት ከዚያ ተነስቶ ነው ያደገው።

ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ያለው ኤማስ ቶርች የሚባል ድርጅት ስደተኞችንና ከሰው ንግድ የተረፉ ሰዎችን ምግብ ሥራ የሚያሠለጥነው እየከፈላቸው ነው። ይህችን ነገር አደራ። እኛ አገር «ሙያ እያስተማርኳት ነው» ተብሎ ዓመት በነጻ ማሠራት የተለመደ ነው። አንቺ ጋ የምትመጣዋ ሴት ግን የወር ገንዘብ ካላገኘች የሸሸችው ሰውዬ ቤት ተመልሳ ነው የምትሄደው። ትንሽም ይሁን ክፈያት።

መጠለያ ራስሽ ለመክፈት አትሞክሪ፣ እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እዚሁ አገራችን የሕግ ባለሙያዋ ማሪያ ሙኒር እ.ኤ.አ. በ2003 ያቋቋመችው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በዚህ የቆየ ልምድ አለው፤ መጠለያው ላሉት ሴቶች የሙያ ሥልጠናም ይሰጣል። እንዲህ ካሉት ጋር ተዋዋዪና ሴቶቹ ከእነሱ ዘንድ እየተላኩ ይምጡልሽ።

ወደ ወጥ ቤቱ ልግባና፣ አሠልጣኝ ስትመርጪ ከእጇ ሙያ በፊት አፏን እዪ። ብዙ ወጥ ቤት የሚሠራው በጩኸት ነው። አንዲት የተደበደበች ልጅ ሰው ከኋላዋ ትኩስ ድስት ይዞ ሲያልፍ ቢላዋዋን ጥላ ግድግዳው ላይ ስትለጠፍ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት «ከኋላሽ ነኝ!» ሳይባል ማለፍ ቀረ። ማታ አትሥሩ፣ ምሳ ብቻ ይበቃችኋል፤ እናቶቹ ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣሉ፣ ሳይመሽም ይገባሉ። በየዓይነቱ ለማስተማር ምቹ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ገበያውም አይጠፋም። ሠልጣኟ ስትወጣ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ተፈትና ወረቀቷን ይዛ ትውጣ።

ታሪካቸውን ሜኑ ላይ እንዳትጽፊ ደግሞ። ሰው ስንቴ ነው አዝኖ ምሳ የሚበላው?

ለሕጉ፣ አዎ ይቻላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ለዓላማው የሚውል ገቢ ለማግኘት እንዲነግድ ይፈቅዳል። ንግድ ፈቃዱ እንደማንኛውም ነጋዴ ነው፤ የባንክ ሒሳቡና መዝገቡ ለብቻው ይሁን፣ ትርፉም ለአባላት አይከፋፈልም። እናንተ ሦስታችሁ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መለስተኛ ሆቴል አለኝ። ከእንዲህ ያለ ማሠልጠኛ የወጣች ልጅ ቀጥሬ በሥራዋ ደስ ብሎኛል። ችግሩ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ እያለች በየጊዜው ትቀራለች። ሰው አልቋል እንዴ? ላሰናብታት ወይ?
ከአዳማ

መልስ፦ ጋሼ፣ አይቸኩሉ። የደበደባት ሰው ተከሶ ከሆነ እሷ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ልትሆን ትችላለች፤ ሰውዬው ሳይቀርብ ሲቀር ደግሞ ቀጠሮው እንደሚገፋ እርስዎም ያውቁታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምስክርነት ፍርድ ቤት የቀረበ ሠራተኛ ለዚያው ጊዜ ከነደመወዙ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። መጥሪያውን ወይም የቀጠሮ ወረቀቱን ታምጣ ይበሉ፣ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው። ጉዳይዋን ግን ሠራተኛው ፊት አያንሱባት። ቀኑን ቀድማ ካሳወቀችዎ ቅዳሜና እሑድ ፈረቃ ያስገቧት፣ ሆቴልዎም የሚጨናነቀው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።