ሶፋው ገባ፣ በርጩማው ስቶር ገባ

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። እኔና ባለቤቴ ቡና አቅራቢዎች ነን፣ ከጎማና ከማና ወረዳ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) እየገዛን አስፈልፍለን እንሸጣለን። ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የቡና ዋጋ ጨመረና እግዚአብሔር ይመስገን ሞላልን፣ ቆጪ ሰፈር ከነበረው የኪራይ ቤት ወጥተን የራሳችንን ጂ ፕላስ ዋን ሰራን፣ መኪና ገዛን፣ ሙሉ ሶፋ ከነቡፌው ከአዲስ አበባ አስመጣን፣ ልጆቹም የግል ትምህርት ቤት ገቡ። ግን ምን ዋጋ አለው ነፍሴ ባዶ ሆናለች። ድሮ የነቢያት ጾም ሲገባ ከጎረቤቴ ጋር ጠዋት ጠዋት ኪዳን እንሄድ ነበር፣ አሁን ያ ጊዜ ቡና የሚገባበት ስለሆነ አይመቸኝም፣ እሷም አዲሱ ቤት አንዴ መጥታ ቀረች። ባለቤቴ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ራሱ ቴሌግራም ከፍቶ የቡና ዋጋ ያያል፣ ስናገረው "በረከቱን የሰጠን እሱ አይደል እንዴ" ይለኛል። አሁን ይሄን የምጽፈው ሶፋው ላይ ሆኜ ነው፣ ላስቲኩ እንኳን አልተነሳም፣ እናቴ የሰጠችኝ በርጩማ ስቶር ገብቷል። ሀብት ኃጢአት ነው ወይ? ሁሉን ሸጠን ለድሃ ሰጥተን እንደ ድሮው ብንኖር ይሻላል?
የነፍሷ ነገር ያሳሰባት፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሀብት ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው አይደለም። አብርሃም ባለጠጋ ነበር፣ የሄሮድስ አዛዥ የኩዛ ሚስት ዮሐናም በሉቃስ 8፥3 እንደምናነበው ጌታን በገንዘቧ ታገለግል ነበር፣ ሁሉን ሽጪ ያላት የለም። ዘኬዎስ የሀብቴን ግማሽ ለድሆች እሰጣለሁ ሲል ሌላው ግማሽስ ተብሎ አልተጠየቀም። ያለህን ሸጠህ የተባለው ያ ሀብታም ወጣት ነው፣ እሱም እያዘነ ሄደ፣ የታሰረው በምን እንደሆነ መሄዱ ራሱ ተናገረበት። ደሞ ጳውሎስ የክፋት ሁሉ ሥር ያለው ገንዘብን መውደድን ነው፣ እኛ ሰባኪዎች አንዳንዴ "መውደድ" የምትለዋን ዘለን ሰው እናስጨንቃለን።

አሁን ሉቃስ 12 ላይ ያለውን እርሻው የሰመረለትን ሰውዬ አንብቢልኝ። ሌባ አልነበረም፣ ሚዛን አጭበረበረም አልተባለም (ስለ ሚዛን የቡና ሰዎች ራሳችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔ ዝም ልበል)። ግን ንግግሩን ስሚው፣ ፍሬዬን፣ ጎተራዬን፣ በረከቴን፣ ነፍሴን እያለ ከራሱ ጋር ብቻ ነው የሚያወራው፣ ሚስቴን ላማክር የለ፣ ጎረቤቴ ምን በላ የለ፣ በዛችው ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። ሳነበው ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ፣ የራስሽ ደብዳቤ። ቤቱን ከነፎቁ፣ ሶፋውን ከነቡፌው ነገርሽኝ፣ ጎረቤትሽ ግን "አንዴ መጥታ ቀረች" በሚል ግማሽ መስመር አለፈች። ለምን ቀረሽ ብለሽ ጠይቀሻታል? ልገምት? ላስቲክ የለበሰ ሶፋ ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ ግራ ገብቷት ጫፉ ላይ ተቀምጣ ቡናዋን ፉት ብላ የሄደች ይመስለኛል። ያ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ባለሶስት እግር የጅማ በርጩማ ቢኖር ተደላድላ እስከ በረካ ትቆይ ነበር።

ባለቤትሽን በተመለከተ ስብከት አታብዢበት፣ በስራው አናግሪው። ጌታ ብልና ዝገት የሚያጠፋውን አትሰብስቡ ሲል እሱ ከኔ በላይ ይገባዋል፣ ጀንፈል በደንብ ሳይደርቅ፣ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሳይወርድ ጆንያ ገብቶ በጅማ ዝናብ ቢከርም ሻጋታው ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ዛፉ እንኳን አንድ ዓመት አጎንብሶ ሲያፈራ በቀጣዩ ያርፋል። ኒው ዮርክ የቡና ገበያ ላይ ወጥቶ እዛው የሚወርድ ዋጋ ላይ ልቡን ይጥላል ወይ? ጢሞቴዎስም ላይ ለባለጠጎች የተጻፈው በማያስተማምን ባለጠግነት ተስፋ እንዳያደርጉ፣ ደሞ ለማካፈል የተዘጋጁ እንዲሆኑ ነው፣ ድሃ ሁኑ አይልም። ስለዚ ከሱ ጋር ሁለት ነገር ብቻ ተስማሙ፣ ስልኩ በቅዳሴ ሰዓት መኪና ውስጥ ይቅር፣ አስራቱ ደሞ ብሩ አካውንት በገባ ቀን ይውጣ፣ ሌላ ነገር ከተገዛ በኋላ አስራት የሚተርፍለት ሰው እስካሁን አላየሁም።

የነቢያት ጾም ሁሌም ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው የሚገባው፣ ቡናውም ሁሌም ያኔ ነው የሚደርሰው፣ ሁለቱ ለከርሞም ይገናኛሉ። ያኔም አይመቸኝም ልትዪ ነው? በሳምንት ሁለት ጠዋት ኪዳን አድርሰሽ ወደ መጋዘን ብትሄጂ ጆንያው የትም አይሄድብሽም፣ የቀረውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ።

ቤቱን አትሽጪ። በዚህ እሁድ የሶፋውን ላስቲክ በመቀስ ቅደጂው፣ በርጩማውን ከስቶር አውጥተሽ አቧራውን ጥረጊና ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪው። ጎረቤትሽን በስልክ አትጥሪያት፣ ራስሽ ቆጪ ድረስ ሄደሽ አምጫት። ስለ ዋጋ አንድም ቃል ሳታነሺ በመጀመሪያ ልጆቿ እንዴት እንደሆኑ ጠይቂያት፣ ቡናውንም ለኤክስፖርት ከለያችሁት ቁዪላት እንጂ ተለቅሞ ከወጣው አይደለም።