ሒሳቡን ትቼ ወደ ካውንስሊንግ ልሂድ ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ የሒሳብ መምህርነት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነሽ፣ በትምህርት ውስጥ ስለ ሰብዓዊነትና እሴት የሚያስተምር ኮርስ ወስደሽ በጣም ወደድሽው፣ ከዛ ለልምምድ ትምህርት ቤት ስትገቢ የተመደቡልሽ ነባር መምህር «ይሄ ወረቀት ላይ ያምራል እንጂ ተማሪው የሚፈልገው ፈተና ማለፍ ነው» አሉሽ፣ አሁን ሒሳቡን ትተሽ ወደ ካውንስሊንግ መዞር እያሰብሽ ነው፣ ደሞ ስለ እሴት የሚያወራ ሰው ማን ይቀጥረዋል የሚለውም ያስጨንቅሻል።

እኔ ሒሳቡን አትተዪው ነው የምልሽ። ምክንያቱም ተማሪ ሰብዓዊነትሽን የሚያየው የሆነ ነገር ስታስተምሪው ነው፣ ሲሳሳት እንዴት እንደምታርሚው፣ ጠይቀሽው ምን ያህል እንደምትታገሺው፣ ማርኩን እንዴት እንደምትሰጪው። የምታስተምሪውን ነገር ራስሽ በደንብ ካልተቆጣጠርሽው ደግነትሽ ብቻውን ልጁን የትም አያደርሰውም።

አንድ ነገር ላሳይሽ። ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ እንበል፣ በልምምድሽ ጊዜ ሳታዪው አልቀረሽም። አንዱ አስተማሪ «ስህተት፣ ተቀመጥ፣ ሌላ ማነው?» ይላል። ሌላው ልጁ እንዳይከፋው ብሎ «ጎበዝ፣ ጥሩ ሙከራ ነው» ብሎ ራሱ አስተካክሎ ያልፋል። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ ለኔ ሁለቱም ልጁን አላከበሩትም፣ አንዱ አሳፈረው፣ ሌላው ደግሞ ማሰብ አይችልም ብሎ ደመደመለት። አንቺ ግን «እዚህ እንዴት ደረስክ?» ብትዪው የላዩን ከላይ የታቹን ከታች እንደደመረ ይነግርሻል፣ ያ ደሞ ዝም ብሎ ግምት አይደለም፣ የራሱ ሎጂክ አለው። ከዛ «እሺ፣ 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?» በዪውና ዝም በዪ። 2/5 ማለት 0.4 ነው፣ ግማሽ ላይ ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ነገር እንዳገኘ ራሱ ሲያየው ፊቱ ላይ ታነቢዋለሽ። ያ ኮርስ ላይ የተማርሽው ነገር በሙሉ እዚች ውስጥ አለ፣ ልጁ ሰው ፊት አልተዋረደም፣ ስህተቱም አልተሸፋፈነም።

«ዝም በዪ» ያልኩሽ ደሞ እንዲሁ አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣችው ጥናት አለ፣ አስተማሪዎች ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ ነው ያገኘችው። ያ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፣ ደካማ ተብለው የተተዉትም መመለስ ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ እኮ ነው! ገንዘብ አይፈልግ፣ አዲስ መጽሐፍ አይፈልግ፣ የሚፈልገው ያ ልጅ የሚለው ነገር አለው ብሎ ከልብ ማመን ነው።

ኮርሱ ላይ ካርል ሮጀርስ መምጣቱ አይቀርም (እ.ኤ.አ. 1902–1987)፣ ሳይኮሎጂስት ነበር፣ በቴራፒ ያየውን ነገር ወደ ትምህርት አምጥቶ ሰው እንዲማር ከአስተማሪው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል አለ፦ አስተማሪው ሳያስመስል ራሱን እንዲሆን፣ ተማሪውን እንደ ሰው እንዲቀበለው፣ ነገሩን በተማሪው ዓይን ለማየት እንዲጥር። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ተማሪው የፈለገውን ያድርግ ማለት ይመስለዋል፣ መምህርሽም የሰጉት ይሄን ሳይሆን አይቀርም። ልጁን መቀበል ግን መልሱን መቀበል አይደለም። በዛ ላይ መምህርሽ በአንድ ነገር ልክ ናቸው፣ ፈተና ለተማሪው በር ይከፍትለታል ወይ ይዘጋበታል፣ እና በጣም እየወደድሽው ሳያውቅ እንዲወድቅ ብትተዪው እሱን ሰብዓዊነት ብዬ አልጠራልሽም። ስለዚህ ከሳቸው ጋር አትጣዪ፣ ለፈተና የሚያዘጋጁበትን መንገድ ቁጭ ብለሽ ተማሪ፣ ይጠቅምሻል።

ስለ እሴት ደሞ አንድ የምፈራው ነገር አለ፣ ወጣት አስተማሪዎች እሴት ማስተማር ሲባል ስብከት ያደርጉታል። ክፍልሽ ውስጥ ያሉት ልጆች ከተለያየ ቤት፣ ከተለያየ እምነት ነው የሚመጡት፣ የራስሽን ልትጭኚባቸው አይገባም። የጋራ መሠረት ግን የለም ማለት አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 26 ላይ ትምህርት የሰውን ስብዕና በሙላት እንዲያሳድግና የሰብዓዊ መብት አክብሮትን እንዲያጠናክር ይላል፣ የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 29ም ተመሳሳይ ነገር አለው። ይሄ ክፍል ውስጥ ሲገባ ቀላል ነው፣ የማርክ አሰጣጡን ከፈተናው በፊት ትነግሪያቸዋለሽ፣ ለጎበዙም ለሰነፉም በአንድ ሚዛን ታርሚያለሽ፣ ሰሌዳ ላይ ራስሽ ስትሳሳቺ «ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ትያለሽ። ፍትሕን ልጆች ከዚህ ነው የሚማሩት።

እዚህ ጋ ያኑሽ ኮርቻክን ሳላነሳልሽ ባልፍ ይቆጨኛል። ፖላንዳዊ ሐኪምና አስተማሪ ነበር፣ ዋርሶ ውስጥ በሚመራው የሙት ልጆች ማሳደጊያ ዳኞቹ ልጆቹ ራሳቸው የሆኑበት ፍርድ ቤት አቋቁሞ ነበር፣ ሕጉ በአብዛኛው ወደ ይቅርታ ያደላ ነው፣ ልጆቹ አስተማሪዎችንም መክሰስ ይችሉ ነበር፣ እሱም ተከሶ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች ልጆቹን ትሬብሊንካ ወደሚባለው የጅምላ መግደያ ካምፕ ሲወስዷቸው ጥሏቸው መቅረት እምቢ ብሎ አብሯቸው ሄደ፣ እዛው አብሯቸው ተገደለ። እሴትን የኖረ አስተማሪ ማን ነው ብትዪኝ መጀመሪያ የምጠራልሽ እሱን ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ሲቪሽ ላይ «ከፍተኛ የሰብዓዊነት እሴት አለኝ» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ሁሉም ስለሚጽፈው ቀጣሪው አያየውም። ያደረግሽውን ጻፊ፦ ለምሳሌ ተማሪዎች የተሳሳቱትን ጥያቄ ለምን እንደተሳሳቱ ጽፈው እንደገና እንዲሠሩ አድርገሽ ከሆነ፣ ወደኋላ ለቀሩት ከክፍል ውጪ ሰዓት ሰጥተሽ ከሆነ፣ ያን። ኢንተርቪው ላይ «ስላስቸገረሽ ተማሪ ንገሪን» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ያኔ ቲዎሪ አታውሪ፣ ምን እንዳየሽ፣ ምን እንዳደረግሽ፣ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ተናገሪ፣ የልጁን ስም ግን አትጥሪ። አንቺም ጠይቂያቸው፣ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ፣ ልጅ ሲያጠፋ ምን ታደርጋላችሁ፣ አዲስ አስተማሪን የሚያግዝ ሰው ትመድባላችሁ ወይ በያቸው። ልጅ ማዋረድን እንደ ዲሲፕሊን የሚያይ ቤት ከሆነ ደሞዙ ጥሩ ቢሆን እንኳ ደጋግመሽ አስቢበት፣ ብቻሽን ታግለሽ ቶሎ ትደክሚያለሽ።

ካውንስሊንጉን በተመለከተ፣ ልጆቹን መውደድሽ ብቻ በቂ ምክንያት አይሆንም፣ የራሱ ሥልጠናና በሱፐርቫይዘር የሚታይ ልምምድ ያለው ሙያ ነው፣ ብዙ ቦታ ፈቃድም ይጠይቃል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ዓመት አስተምሪና ራስሽን እዪው። ቀኑን ሙሉ ከሠራሽው ውስጥ የሚያስደስትሽ አንድ ልጅ ብቻውን መጥቶ ያዋራሽ ሰዓት ብቻ ከሆነ ወደዛ ሂጂ፣ ያ 2/5 የጻፈው ልጅ ሲገባው የሚሰማሽ ደስታ ከበለጠብሽ ግን በሒሳብ ትምህርት ማስተርስ ቀጥዪ፣ የተማሪን ስህተት አያያዝ ራሱ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ይሆንሻል። እስከዛው አንድ ነገር አደራ፣ አስተማሪ ሆነሽ ልጅ ከባድ ምስጢር ሊነግርሽ ሲመጣ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ፣ የልጁ ደህንነት አደጋ ላይ ከሆነ ለሚመለከተው ሰው መንገር ግዴታሽ ነው፣ ይሄንንም ለልጁ ከመጀመሪያው ንገሪው።

ልምምድሽ ስላላለቀ ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጀምረሽ ደብተር ያዢ፣ በየቀኑ አንድ የተማሪ ስህተትና አንቺ ምን ብለሽ እንደመለስሽ ጻፊበት። ሲቪሽን ስታዘጋጂ ከዛ ውስጥ ሁለት ሦስቱን መርጠሽ ላኪልኝና አብረን እናስተካክለዋለን።