ያ የማይቸኩል ድምፅ የማን ነው?

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፈ ዓመት ሆነው። ከዕቃዎቹ መሃል ሽፋን የሌለው ካሴት አገኘሁ። በእስክሪብቶ «ዶን» ብቻ ተብሎ ተጽፎበታል። ዘፋኙ አይቸኩልም፣ አይጮህም። ጓደኛዬ ዶን ዊልያምስ ነው አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ ግን «እሱማ በአውሮፕላን አደጋ የሞተው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ተወራርደናል። ለመሆኑ ሰውዬው ማን ነበር? ዘፈኖቹንስ ራሱ ነው የሚጽፋቸው?
የካሴቱ ወራሽ

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ የአባትሽን ነፍስ ይማር። ውርርዱን ደግሞ በልተሻል፣ ሒሳብሽን ተቀበይ። ወንድምሽ ያምታታው እንደ ዶን አሜሪካዊ የካንትሪ ዘፋኝ ከነበረው ከጂም ሪቭስ ጋር ነው። እሱም የቴክሳስ ልጅ፣ የእሱም ድምፅ ለስላሳ ስለሆነ ብዙም አልፈርድበትም። ጂም ሪቭስ የካንትሪ ሙዚቃ መዲና በሆነችው ናሽቪል አጠገብ ራሱ በሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ተከስክሶ የሞተው በ1964 ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ያዥልኝ)። ዶን ያኔ የ25 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ያረፈውም በሳንባ ሕመም፣ አላባማ ውስጥ ሞቢል ከተማ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2017 ነው። 78 ዓመቱ ነበር።

የተወለደው በ1939 ቴክሳስ ውስጥ፣ ፍሎይዳዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጊታር ያስተማረችው እናቱ ናት። በ60ዎቹ ፖዞ ሴኮ ሲንገርስ በሚባል የፎክ ቡድን ውስጥ ዘፈነ። ቡድኑ ሲበተን ናሽቪል ገባ፤ የገባው ግን ለሌሎች ዘፈን ሊጽፍ ነበር። በ1974 ራሱ የዘፈነው ዘፈን በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! በጠቅላላው 17 ዘፈኖቹ አንደኛ ሆነዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፣ እኔም የምወደው እሱን ነው። አንዳንዶቹን ራሱ ጽፏል። አብዛኞቹ ግን የሌሎች ናቸው። ሰውዬው መምረጥ ያውቅበታል። «ታልሳ ታይም»ን የጻፈው የገዛ ባንዱ ጊታሪስት ዳኒ ፍላወርስ ነው፤ ታልሳ ከተማ ውስጥ በረዶ ሆቴል ዘግቶበት። በኋላ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሲጫወተው ዶንም እንግሊዛዊው የሮክ ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተንም ነበሩ። ክላፕተን ልቅረጸው አለ። ዶን «መጀመሪያ እኔ» ብሎ ቀደመው። ሁለቱም ቀረጹት፤ በካንትሪው አንደኛ የወጣው ግን የዶን ነው።

ያ ዘፈን ሁለት ኮርድ ብቻ ነው ያለው። ጊታር ስጀምር ጣቶቼ በአንድ ከሰዓት ያዙት፣ ኮራሁም። ከዚያ አብሬው ልዝፈን ብዬ ቃሉን ከሱ ቀድሜ እጨርስ ጀመር። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ዶን ቃሉን ምቱ ላይ አያሳርፈውም፣ ትንሽ ያዘገየዋል። ሐረጉ ሲያልቅ ድምፁን አያንቀጠቅጥም፣ አይጎትትም፣ ዝም ብሎ ይተወዋል። ካሴትሽ ላይ «ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድ» ካለ እስኪ የስንኞቹን መጨረሻ አድምጪ። ሌላው ዘፋኝ ቢሆን እዚያች ጋ ነበር ጉሮሮውን የሚያሳይሽ።

መድረክ ላይም ያው ነው፦ ያረጀች ባርኔጣ፣ በርጩማ፣ ጊታር። «ገራገሩ ግዙፍ» ያሉት ወደው አይደለም። ለሐሜት የሚሆን ነገርም የለውም። በ1960 ካገባት ሚስቱ ጋር እስከ ሞቱ ኖረ፣ አለቀ።

ከካንትሪ ሰፈር ውጭም ወዳጅ ነበረው። መድረክ ላይ ጊታር በመሰባበር የሚታወቀው የሮክ ባንዱ የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ፣ ዶን ከዌይላንድ ሆሊፊልድ ጋር የጻፈውን ዘፈን በ1977 ቀርጿል። ጊታር ሰባሪውና በርጩማ ላይ የሚቀመጠው! በዚያው ዓመት ግድም ዝናው ባሕር ተሻገረ፤ በ1997 ሐራሬ ዚምባብዌ ያቀረበው ኮንሰርት በቪዲዮ ወጥቷል። በ2010 የካንትሪ ሙዚቃ የዝነኞች አዳራሽ ገባ። በ2016 መድረክ ተሰናበተ። ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት እነ ጋርዝ ብሩክስና ክሪስ ስቴፕልተን ዘፈኖቹን የዘፈኑበት የመታሰቢያ አልበም ወጣለት፤ በሕይወት እያለ ሰማው ማለት ነው።

ስለ ካሴቱ፦ ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ከሆነ ወዲያው እንዳታጫውቺው፣ ክሩ ተጣብቆ ሊበጠስ ይችላል። በእስክሪብቶ ቀስ ብለሽ እስከ ጫፍ ጠምዝዥው፣ ከዚያ መልሺው። ማጫወቻው ንጹሕ ይሁን። ወንድምሽንም ጥሪው፤ ብሩን ይዞ ይምጣ።