መልስ፦ ጀርመን እየተማርኩ ልጆች ማስተማር እችላለሁ?

እህቴ፣ ጀርመን ማስተርስሽን እየተማርሽ ልጆች ማስተማርና አገሩን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል፤ እኔም የምመክርሽ እሱኑ ነው።

ሕጉ አያስቸግርም። ከማርች 2024 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። ከልጆች ጋር ለመሥራት ግን ከወንጀል ነፃ መሆንሽን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁሻል። በበጎ ፈቃድ የምታገለግዪ ከሆነ ወረቀቱን ያለ ክፍያ ታገኛለሽ።

ጀርመንኛሽ ገና ቢሆንም አትፍሪ። ከትምህርት በኋላ ልጆችን የቤት ሥራ የሚያግዙ ማኅበራት ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋሉ። ልጆቹም አነጋገርሽን ሳያፍሩ ያርሙሻል። እንደነሱ ያለ የቋንቋ መምህር የለም! በትልልቅ ከተሞች ያሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናትንም ጠይቂ። እዚያው ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ፣ ፊደል ግን ያልቆጠሩ ልጆች አሉ። ሀ ሁን በዜማ ጀምሪላቸው። ከአያታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ የሚጠቅማቸውን ቃል አስቀድሚ፤ ያኔ በፍላጎት ይማራሉ።

ለጉዞው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት የሴሚስተር ቲኬት በመላ አገሪቱ በክልል ባቡሮች ያስኬድሻል። አይሲኢ (ICE) በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ግን አይሠራም። መጀመሪያ ከማይንስ ወደ ኮብሌንስ በራይን ወንዝ ግራ ዳርቻ የሚሄደውን ያዢ። በስተቀኝ ተቀመጪ፣ ወንዙ በዚያ በኩል ነው።