ስለ ፖምቤ እርሾ፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ፖምቤ ስለተባለው፣ መሐል ለመሐል እኩል ስለሚከፈለው እርሾ ያላችሁን ጥያቄ አቅርቡ። የሕዋስ ርዝመት የምትለኩ ሁሉ ናሙናችሁን ካልቸሩ (በምግብ ፈሳሽ ውስጥ የሚያድገው እርሾ) በፍጥነት እየተራባ ሳለ እንድትወስዱ አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የማስተርስ ተማሪ፦ ዶክተር፣ የሕዋስ ዑደትን፣ ማለትም ሕዋስ አድጎ የሚከፈልበትን ሂደት፣ ለማጥናት ይህ እርሾ ለምን ተመረጠ?

መልስ ሰጪ፦ ርዝመቱ ዕድሜውን ስለሚናገር ነው። ሕዋሱ ሲሊንደር ቅርጽ አለው፤ ውፍረቱ ብዙም ሳይለወጥ በጫፎቹ ብቻ ይረዝምና 14 ማይክሮሜትር ገደማ ሲደርስ መሐሉ ላይ ግድግዳ ሠርቶ ለሁለት ይከፈላል። ሙርዶክ ሚቺሰን በኤዲንብራ ይህን ጠባዩን ተጠቅሞ የሕዋስን ዕድገት ያጠና ነበር፤ ፖል ነርስም እዚያው ሲሠራ ከመደበኛው ግማሽ በሚሆን ርዝመት የሚከፈሉ ሚውታንቶችን (ጂናቸው የተለወጠ ሕዋሳትን) አግኝቶ በ1975 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አጭር ሆኖ የተከፈለ ሕዋስ ጊዜው ሳይደርስ ተጣድፏል። ዊ1 የተባለው ፕሮቲን ክፍፍልን የሚያስጀምረውን ሲዲሲ2 የተባለ ፕሮቲን ፎስፌት የተባለ ኬሚካል በመለጠፍ ያግደዋል፣ ሲዲሲ25 የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ያንኑ ፎስፌት አንሥቶ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ዊ1 ሲጎድል ክፍፍሉ ይቀድማል፣ ሲዲሲ25 ሲጎድል ግን ሕዋሱ ሳይከፈል እየረዘመ ይሄዳል። በ1987 እ.ኤ.አ. ሜላኒ ሊና ነርስ የሰውን ጂኖች ሲዲሲ2 ወደ ተበላሸበት እርሾ አስገብተው፣ አንዱ የሰው ጂን የእርሾውን ክፍፍል እንደመለሰው አሳዩ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ የሲዲሲ (የሕዋስ ክፍፍል ዑደት) ሚውታንቶችን ቀድሞ ያገኘው ግን በዳቦ እርሾ የሠራው ሊላንድ ሃርትዌል ነው። ለነርስ ብቻ ማድላት አይገባም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ የዳቦ እርሾ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይራባል፤ ፖምቤ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ያስጠብቃል።

የባዮሎጂ መምህር፦ በፍጥነት ከሆነማ ባክቴሪያ ይበልጣል!

መልስ ሰጪ፦ ሃርትዌል፣ ነርስና ቲም ሃንት የ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን በጋራ ወስደዋልና ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ። የዳቦ እርሾ የአር ኤን ኤ ኢንተርፌረንስ ሥርዓቱን (ጂኖችን በትናንሽ አር ኤን ኤ የሚያፍነውን) ያጣ ሲሆን ፖምቤ ግን አለው፤ ሴንትሮሜሩም (ሕዋሱ ሲከፈል ክሮሞሶሙ የሚጎተትበት ክፍል) ሰፊ ስለሆነ በዚህ ረገድ ለሰው ይቀርባል። የምትመርጡት እንደ ጥያቄያችሁ ነው።

ሌላ ተማሪ፦ ስንት ክሮሞሶም አለው?

መልስ ሰጪ፦ ሦስት።

ሌላ ተማሪ፦ ርዝመቱን ለመለካት የትኞቹን ሕዋሳት ልምረጥ?

መልስ ሰጪ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሕዋስ ግድግዳን በሚያበራው በካልኮፍሉር ቀለም ነክረው በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ መሐላቸው ላይ ደማቅ መስመር የሚታይባቸውን ብቻ ይለኩ፤ እነዚያ ሊከፈሉ የተቃረቡ ናቸው። ሁሉንም ደባልቆ አማካይ ማውጣት የክፍፍል ርዝመትን አያሳይም። ደግሜ እላለሁ፣ ካልቸሩ በፍጥነት እየተራባ መሆን አለበት፤ ናይትሮጅን ሲያጥረው ጤነኛው ዝርያም አጥሮ ይከፈላል።

አዲስ አባል፦ የእኔ እርሾ አጭር ሆነብኝ፤ ምን ይሆን?

መልስ ሰጪ፦ የትኛው ዝርያ ነው? በስንት ዲግሪ አሳደጉት? ከመቼ ጀምሮ? ይህ ሳይገለጽ መልስ መስጠት አይቻልም።

አዲስ አባል፦ መደበኛው ዝርያ ነው፣ በ30 ዲግሪ። ካልቸሩ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አለ፤ ሚውታንት ያገኘሁ መስሎኝ ነው።

መልስ ሰጪ፦ ሁለት ጊዜ ያሳሰብሁት ይህንኑ ነበር፤ ካልቸሩ ቆይቶ ምግቡን ሳይጨርስ አይቀርም። ከካልቸሩ ጥቂት ወስደው ወደ አዲስ ምግብ ያዛውሩ፣ ነገ ጠዋት ገና እየተራባ ሳለ ይለኩ፤ ያን ጊዜም አጭር ከሆነ ቁጥሩን ይዘው ይመለሱ።